ምዕራፍ ሰባት፦ በሜትር ኪዩብ 360

ወልቂጤ ላይ የሕንፃ ባለቤት መሐንዲሱን «ዘላቂ አድርገህ ሥራልኝ» ካለው፣ ፌሮ ጨምርበት ማለቱ ነው። ኮለኑ ይወፍር፣ መሠረቱ ይጥለቅ፣ በሲሚንቶ አይቀለድ። ሰውየው አልተሳሳተም፤ ቃሉ በአማርኛችን የያዘው ትርጉም ይኸው ነው፦ የማይፈርስ፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ። ጣጣው የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1987 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት በኖርዌዟ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የሚመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን፣ የዛሬው ሰው ፍላጎቱን ሲያሟላ የነገውን ሰው ድርሻ እንዳይበላ የሚል ሐሳብ አወጣ። እኛም ሐሳቡን ተቀብለን «ዘላቂ ልማት» ስንል በነባሩ ቃል ጠራነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ የምሕንድስና ቢሮ «ለዘላቂነት እንተጋለን» ብሎ ግድግዳው ላይ ቢለጥፍ፣ ቢሮው ሲሚንቶ እቆጥባለሁ ሊል ፈልጎ ደንበኛው እጨምራለሁ ያለ መስሎት ደስ ብሎት ይወጣል።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ሶሌታ ሲሞላ መገኘት ነው። ቡታጅራ ላይ አንድ ጧት የቆምኩበት ሳይት እንደ ማንኛውም ሳይት ነበር። ከሳንቃ የተሠራው ቦክስ፣ 50 በ40 ሴንቲሜትር የሆነው፣ አሸዋና ጠጠር ይለካል። ሲሚንቶው በከረጢት ይቆጠራል። ውሃው ግን በምንም አይለካም፤ ሚክሰሩ ላይ የቆመው ልጅ በባልዲ ያንቆረቁራል፣ ድብልቁ ሲቀጥን ዐይቶ ይበቃል ይላል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት የሳይት መሐንዲስ ጠጋ ብላ ፎርማኑን «ጋሼ፣ ውሃው አልበዛም?» አለቻቸው። እሳቸውም ሳይቆጡ «ደረቅ ከሆነማ ፌሮው ሥር አይገባም። ሲሚንቶ ጨምረንበታል፣ አይዞሽ» አሏት።

«ሲሚንቶ ጨምረንበታል፣ አይዞሽ።» የአገራችንን የግንባታ ልማድ በአንድ አረፍተ ነገር ጻፍ ብባል ከዚህ የተሻለ አላገኝም። ውሃ ሲበዛ አርማታው ይደክማል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ሕግ ነው። የደከመውን ለማካካስ ሲሚንቶ ይጨመራል። ቫይብሬተሩ ቢበላሽ ሲሚንቶ ይጨመራል። አሸዋው ጭቃ ቢኖረው ሲሚንቶ ይጨመራል። ጠጠሩ አንድ መጠን ብቻ ሆኖ መሐሉ ክፍት ቢሆንም መልሱ ያው ነው። ፎርማኑ ይህን ልማድ ከሰማይ አላመጡትም። የሥራ ዝርዝሩን ብትገልጡት ከላይ እስከ ታች «ሲ-25 አርማታ፣ በሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ» የሚል መስመር ታያላችሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ ብትሄዱ ቁጥሩ ያው ነው። የምሕንድስና ቢሮው ካለፈው ሥራ ገልብጦታል፤ ያለፈው ሥራ ደግሞ ከዚያ በፊት ከነበረው። ሲ-25 ማለት በ28 ቀን ተጨፍልቆ 25 ሜጋፓስካል የሚችል ኪዩብ ማለት ነው። ጥንካሬውን ማዘዝ አንድ ነገር ነው፤ ሲሚንቶውን በኪሎ ማዘዝ ሌላ። እኛ ሁለቱንም በአንድ መስመር እናዝዛለን፤ ከዚያ ሁለተኛውን ብቻ እንቆጥራለን።

ለማነጻጸር ያህል፣ የአገራችን የ2015 እ.ኤ.አ. የሕንፃ ስታንዳርዶች የተቀዱባቸው የአውሮፓ ኮዶች አሉ። ከእነሱ ጋር የሚሄደው የአርማታ ስታንዳርድ፣ እርጥበት ለማይደርስበት የሕንፃ ውስጥ አካል ዝቅተኛ ብሎ የሚመክረው 260 ኪሎ ነው። ዝናብና ፀሐይ ለሚፈራረቅበት የውጭ አካል 300። ይህን አንብቦ ነገ ጧት ከ360 ላይ 60 ኪሎ የሚቀንስ መሐንዲስ ካለ ግን ይህን መጽሐፍ ይዝጋልኝ። ውሃው በባልዲ በሚንቆረቆርበት ሳይት 360 ትርፍ ቁጥር ሳይሆን ዋስትና ነው፤ የግዴለሽነታችን መድን። መድኑን ከመቀነስ በፊት ግዴለሽነቱን መቀነስ ይቀድማል።

ስንት ነው የምንከፍለው? መካከለኛ ፎቅ እናስብ፤ በጠቅላላ 500 ሜትር ኪዩብ አርማታ የሚወስድ። በ360 ሲባዛ 1,800 ኩንታል ሲሚንቶ ነው። ጠጠሩ በመጠን በመጠኑ ተለይቶ፣ ውሃው ተለክቶ፣ ድብልቁ አስቀድሞ በቤተ ሙከራ ተፈትኖ ያንኑ ጥንካሬ በ320 ቢሰጥ 200 ኩንታል ይተርፋል። የኩንታሉን የዕለት ዋጋ ራሳችሁ አባዙት፤ ይህ መጽሐፍ እስኪታተም መለወጡ ስለማይቀር እኔ አልጽፈውም።

ከብሩ ሌላ ሁለተኛ ሒሳብ አለ። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ እቶን ተጠብሶ ነው። ጭስ የሚወጣው ከማገዶው ብቻ ቢሆን ኖሮ ማገዶ ቀይሮ መገላገል ይቻል ነበር። ነገር ግን ድንጋዩ ራሱ በውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው፤ 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲጠበስ 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ይበናል። ማንኛውም ፋብሪካ፣ ሙገርም ይሁን ደርባ ወይም ለሚ፣ ከዚህ አያመልጥም። በዚህ ምክንያት ሲሚንቶ ከዓለም የካርቦን ልቀት 7 ወይም 8 በመቶውን ይይዛል። የቅድሙ 200 ኩንታል ተራ ሲሚንቶ ቢሆን ወደ 16 ቶን የሚጠጋ ጋዝ ነው።

እዚህ ላይ የውጭውን መጽሐፍ እንዳለ መገልበጥ የሚያሳስትበት ቦታ አለ። አውሮፓና አሜሪካ ስለ አረንጓዴ ሕንፃ ሲነገር ትልቁ ርእስ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ነው፤ እዚያ ሕንፃ ዕድሜ ልኩን ጋዝና የድንጋይ ከሰል ሲበላ ይኖራል። ወልቂጤ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቡታጅራ ከ2,000 ትበልጣለች። ማሞቂያ ያለው ቤት እዚያ አላየሁም። ማታ የሚበራው አምፖል ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ በሚመነጭ ኃይል ነው የሚበራው፤ ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲወረድ የሚሻገሩት ጊቤ ራሱ ታች ሄዶ ኦሞ ሲባል 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጊቤ ሦስትን ያዞራል። እንግዲህ የእኛ ሕንፃ ኃጢአቱን የሚጨርሰው ሰው ሳይገባበት በፊት ነው፦ በሲሚንቶው፣ ቢሌቱ በጅቡቲ ወደብ በሚገባው ፌሮ፣ ይህን ሁሉ በሚያመላልሰው ናፍጣ። የወልቂጤ መሐንዲስ የፀሐይ ፓነል ጣሪያ ላይ ስለሰካ ሊመጻደቅ አይገባም። ሶሌታው ስንት ሴንቲሜትር ነው? ጥያቄው እሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልዩ ነው፤ በቅርብ ዓመታት በዋናው መንገድ ዳር የበዛው ሰማያዊ መስታወት። በስምንት ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለ ከተማ ፀሐዩን ጧት በምሥራቅ፣ ከሰዓት በምዕራብ ፊት ለፊት ይቀበላል። ወደ ምዕራብ የዞረ ሙሉ የመስታወት ግድግዳ ማቀዝቀዣ የማያስፈልገውን ከተማ ማቀዝቀዣ ያስገዛዋል። ይህ የምሕንድስና ስሕተት እንኳ አይባልም፤ ፋሽን ነው።

ወደ ሶሌታው ልመለስ። ትልቁ ቁጠባ ከሚክሰሩ አጠገብ የለም፤ ከእሱ ብዙ ወራት በፊት፣ ባለቤቱና መሐንዲሱ ቡና እየጠጡ ወረቀት ላይ መስመር በሚያሰምሩበት ሰዓት ነው ያለው። ባለቤቱ «ታች ሰፊ አዳራሽ ይሁንልኝ፣ መሐል ላይ ኮለን አልፈልግም» ይላል። መሐንዲሱ እሺ ብሎ የ5 ሜትሩን ርቀት 7 ያደርገዋል። አጉባጩ ኃይል የሚያድገው ግን በርቀቱ ልክ ሳይሆን በርቀቱ ካሬ ነው፤ 25 የነበረው 49 ይሆናል፣ እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ከዚያ በኋላ ሶሌታው መወፈር፣ ቢሙ መጥለቅ፣ የከበደውን የሚሸከመው መሠረት መስፋት አለበት። ሁለት ሜትር ላይ የተባለችው «እሺ» የት ድረስ እንደምትሄድ አያችሁ። መሐንዲሱ በዚያች ሰዓት «ኮለኑን ከሱቆቹ መለያያ ግድግዳ ውስጥ ብደብቀው ይህን ያህል ፌሮ ይቀርልዎታል» ቢል፣ ነጋዴ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ የዘላቂነት ትምህርት የለም። ጉራጌ አገር ሒሳብ የማይሰማ ባለቤት ብዙ አላጋጠመኝም።

በንድፍ ሲሚንቶ መቆጠብ በአገራችን ተሞክሮ ያውቃል። ኤም ኤች ኢንጂነሪንግ የተባለው የአዲስ አበባ አማካሪ ድርጅት ከጀርመኑ ጂቲዜድ ጋር ሆኖ በ1990ዎቹ ያዳበረው የአነስተኛ ወጪ ቤት አሠራር፣ በኋላ ለኮንዶሚኒየም መነሻ የሆነው፣ ሐሳቡ ቀላል ነበር። ድፍን ሶሌታ ከመሙላት ቀድመው የተዘጋጁ ቀጫጭን ቢሞች ይደረደራሉ፣ በመካከላቸው ክፍት ብሎኬት ይገባል፣ ከላይ ስስ አርማታ ይፈስሳል። ፎርምወርኩ ይቀንሳል፣ የባህር ዛፉ ጫካ ይቀንሳል፣ ሲሚንቶው ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ ዘላቂነት ብሎ የጠራው እምብዛም አልነበረም፤ ርካሽ ተባለ። ርካሽ የሚለው ስም ሳይጎዳው አልቀረም ባይ ነኝ፤ ዛሬ የራሱን ቤት የሚሠራ ሰው ድፍን ሶሌታ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም።

ቡታጅራ ሲሚንቶ በሚቆጥብ ቁስ የታደለች ናት። ከተማዋ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ያለው የአረ ሸይጣን ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ሸለቆው የተፋው ቀይና ቀላል ድንጋይ ብሎኬት ይሆናል። ፑሚስ የተባለው ነጩ ደግሞ ተፈጭቶ ከሲሚንቶ ጋር ሲቀላቀል የእቶኑን ምርት ድርሻ ይቀንሳል፤ ገበያ ላይ ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ይኸው ነው። ለግድግዳ፣ ለልስን፣ ለመሠረት ግንብ ፒፒሲ ከበቂ በላይ ነው። ሆኖም ብዙ ባለቤት ኦፒሲ፣ ማለትም ተራው ሲሚንቶ፣ ካልሆነ ይላል፣ «ቶሎ ይይዛል» ብሎ። መያዙስ ይይዛል፤ ልስን ቶሎ ቢይዝ ምን ሊጠቅም እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ያው እሳተ ገሞራ የሰጠው መሬት የሚንቀጠቀጥም ስለሆነ፣ ቡታጅራ ላይ ቀላል ሕንፃ መሥራት ከካርቦኑም ከብሩም ሌላ ሦስተኛ ምክንያት አለው፦ የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃን የሚመታው በራሱ ክብደት ልክ ነው።

ወልቂጤ ዙሪያ ፈተናው ሌላ ነው፤ ጥቁር አፈር። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ቀላል ቤትን ከነመሠረቱ ያነሣዋል። ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፣ መሠረቱን እርጥበቱ ከማይለዋወጥበት ጥልቀት ማድረስ፣ የጣሪያውን ውሃ ከግንቡ ማራቅ። ግን መጀመሪያ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ለአንድ ፎቅ ባለቤት የአፈር ምርመራ «ወጪ» ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ማስለሰን ግን «ጥገና» ይባላል፣ ማንም አይደምረውም። አንድ ጊዜ እጄ የገባ ንድፍ ላይ የመሬቱ የመሸከም አቅም የተጻፈው ሌላ ከተማ ካለ ሕንፃ ጋር በአሐዝ ሳይለይ፣ የዚያኛው ከተማ ስም እንኳ ከግርጌው ሳይጠፋ ነበር። ቢሮውን አልጠራም፤ ብቻውን ስላልሆነ።

ውሃም ሌላው ነው። በየካቲት 2015 ወልቂጤ ውስጥ በውሃ እጦት የተነሣ ተቃውሞ የሰው ሕይወት አልፎበታል። እንዲህ ባለ ከተማ አርማታን ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ ማጠጣት ቀልድ አይደለም፤ ቦቴ ተገዝቶ ነው። የሚብሰው ደግሞ ሳይቱ ውሃ ሲያጣ ማጠጣቱን መተዉ ነው፣ ያን ጊዜ 360ውም መና ይቀራል። እርጥብ ጆንያ አልብሶ በላስቲክ መሸፈን የቦቴውን ቁጥር ይቀንሳል። ይህን ለማድረግ የውጭ አማካሪ አይጠራም፤ የሥራ ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ተጽፎ ዋጋ ይሰጠዋል። ያልተጻፈ ሥራ ያልተከፈለበት ሥራ ነው፣ ያልተከፈለበትን ደግሞ ተቋራጭ አይሠራም።

የዝናቡ ውሃም የት እንደሚሄድ መሐንዲስ ሊያውቅ ይገባል። የጉራጌ ተራሮች ዝናቡን ለሁለት ይከፍሉታል። በወልቂጤ በኩል የወረደው በዋቤና በጊቤ አድርጎ ኦሞ ይገባል። በቡታጅራ በኩል ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደው ደግሞ የመቂን ወንዝ ይዞ ዝዋይ ሐይቅ ይደርሳል። አንድ ግቢ ዳር እስከ ዳር ሊሾ ሲሆን፣ ያልሰረገው ውሃ ቦዩን ሞልቶ፣ አፈር ጠርጎ ወይ የጊቤ ሦስት ግድብ ውስጥ ይተኛል ወይ ሐይቁ ውስጥ። ሳር የነበረው ግቢ ሲሚንቶ ሲሆን ኩራት የሚመስለን ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን የማይወደደውን ልናገር። በሁለቱም ከተሞችና በገጠሩ ጭምር ጣሪያቸው ላይ ፌሮ እንደ ጦር የቆመባቸው ሕንፃዎች አሉ። መሠረቱ ለአራት ፎቅ ተነድፎ፣ ተሞልቶ፣ አንድ ፎቅ ላይ ቆሟል። «ልጆቹ ይጨርሱታል።» ፌሮው ግን በክረምቱ ዝገት እየበላው ነው፣ ልጆቹ ሲደርሱ የሚያገኙት የተበላ ብረት ነው። በየመንደሩም ለመስቀልና ለአረፋ ብቻ የሚከፈት ቪላ አለ። ይህን ስሜት ከልቤ አከብረዋለሁ፤ አዲስ አበባ ሠርቶ አገሩ ላይ ምልክት መትከል የጉራጌ ትልቅ ባህል ነው። ነገር ግን መሬት ውስጥ ተቀብሮ የማይሸከመው ሲሚንቶ የሁሉም ብክነት ቁንጮ ነው። መሐንዲሱ ፈቃድ ሲያስወጣ «ጋሼ፣ በእውነት የሚሠሩት ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅና እሱን ብቻ መንደፍ አለበት። ፌሮውን ማስቀረት ካልተቻለም ጫፉን በደካማ አርማታ ሸፍኖ ማቆየት ይቻላል፤ ሲፈለግ ይሰበራል።

ለምን አይጠይቅም? አንደኛው ምክንያት ክፍያው ነው። የምሕንድስና አገልግሎት ክፍያ ከሕንፃው ወጪ በመቶኛ ሲሰላ፣ ሲሚንቶ ያስቀረ መሐንዲስ የገዛ ደመወዙን ያስቀራል። በአነስተኛ ከተማ ደግሞ ብዙ ጊዜ መቶኛም የለም፤ ባለቤቱ «ፕላን አሠራሁ» የሚለው ማኅተም ገዝቶ ነው። ማኅተም የሚሸጥ ቢሮ ድብልቅ የሚፈትንበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ሁለተኛው ምክንያት ሕጉን የምንይዝበት መንገድ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ንድፍ እንዲመረመርና ግንባታ ቁጥጥር እንዲደረግበት አዟል። ግምገማው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ከኋላ የሚሰፋ ምዕራፍ ሆኗል፣ ማንም የማያነበው። በሕጉ መጥፎነት አላምንም። ዘላቂነት ለብቻው ሪፖርት እስከሆነ ድረስ ንድፉን አይነካም፤ ንድፉን የሚነካው መስመሩና ቁጥሩ ውስጥ ሲገባ ነው።

መርዳት የሚፈልግ ካለ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ጉብሬ ላይ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ያስተምራል። በከተማው ያሉ አምስትና ስድስት ቢሮዎች ተዋጥተው የአካባቢውን ጠጠርና አሸዋ አንድ ጊዜ በቤተ ሙከራ ቢያስፈትኑ፣ ለሁሉም የሚያገለግል የድብልቅ ሠንጠረዥ ያገኛሉ። አንድ ቢሮ ብቻውን የማይችለው ወጪ ነው፤ ተዋጥቶ ግን ቀላል። ማዋጣት ደግሞ ለዚህ አገር አይነገርም። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆችና ጎረቤቶቻቸው ከአለም ገና በቡታጅራ አድርጎ እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቁመው ከየኪሳቸው አዋጥተዋል። ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በዚሁ ማኅበር ላይ ነው።

ጊዜውም ግድ ይላል። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 መጨረሻ ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች፣ ወልቂጤም የክልል ቢሮዎች ከሚገኙባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ቢሮ ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፣ ሠራተኛ ሲመጣ ቤት ይሠራል።

ከከተማው ወጥቶ የጉራጌን መንደር ጀፎረ ያላየ መሐንዲስ ካለ ይሂድና ይይ። በሁለቱ ወገን ቤቶች፣ ከቤቶቹ ጀርባ እንሰት፣ መሐል ላይ ከአስፋልት መንገድ ብዙ እጥፍ የሚሰፋ የሳር ሜዳ። መንገድ ነው፤ ግን ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ሠርግ ይደግሱበታል፣ ከብት ይውልበታል፣ ዝናቡም ሳሩ ላይ እየተንሸራሸረ ይሰርጋል እንጂ ቦይ አይቆርጥም። የጋራ ስለሆነ አጥሩን ገፍቶ የገባበት ሰው በአገር ሽማግሌ ይጠየቃል። ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ቢሮ፣ ያለ ማኅተም የቆመ ሥራ ነው። ወደ ጀፎረ እንመለስ እያልኩ አይደለም፤ ሕንፃ ፈላጊው በዝቷል። ግን መንገዱን ምን ያህል እንዲያሰፉ ለመንደሩ ሰዎች ማን እንደነገራቸው ጠይቄ ያገኘሁት መልስ «እንዲህ ነው የሚበቃው» የሚል ብቻ ነበር። የሚበቃውን አስበው ለክተዋል ማለት ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ የወልቂጤና የቡታጅራ መሐንዲሶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኮምፒዩተራችሁ ላይ ያለውን የሥራ ዝርዝር ክፈቱ። ድብልቁ ይፈተን፣ ውሃው ይለካ፣ ለዚህም ዋጋ ይውጣለት። ከዚያ «በሜትር ኪዩብ 360» የሚለውን አጥፉና በቦታው «25 ሜጋፓስካል፣ በ28 ቀን፣ በኪዩብ ተፈትኖ» ብላችሁ ጻፉ።